የሃሌሉያ የመጨረሻ ቀረጻ

ኢንስፔክተር ኡምሀኒ ሸኪብ ቱሉ ዲምቱ ስትደርስ የኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር በጎረቤት ታጭቆ ነበር። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። የሟቿ የሃሌሉያ እናት ወይዘሮ አማረች ግን ደረጃው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ለልጃቸው ምሳ ያመጡበት ሳህን በፌስታል እንደታሰረ ጭናቸው ላይ ነው። አያለቅሱም። የሚያልፈውን ሁሉ ቀና ብለው ያዩና መልሰው ያቀረቅራሉ።

ኡምሀኒ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እትዬ አማረች፣ በሩን ማን ከፈተልዎ?»

«ማንም። ገርበብ ብሎ ነው ያገኘሁት። ልጄ ስትቀዳ ሳትቆልፍ አትቀመጥም። ሰው ዘው ሲል ታሪኩ ይበላሽብኛል ትላለች።»

«ምን ነበር የምትቀዳው?»

«ልብ ወለድ ነዋ። እያነበበች ትቀዳለች፣ ሰው በስልኩ ይሰማዋል። ድምፅዋን ሰምተሽው አታውቂም?» አሉና ሳህኑን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

ኡምሀኒ ወደ ውስጥ ገባች። የሃሌሉያ መኝታ ክፍል ግድግዳውም መስኮቱም ድምፅ እንዲውጥ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ አለ፤ አጠገቡ በብረት ክንድ የተንጠለጠለ ማይክራፎንና የማይኩን ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የምታስገባ ሳውንድ ካርድ የምትባል ትንሽ ቀይ ሣጥን። ሃሌሉያ በጠረጴዛውና በብረት አልጋው መሀል በጎኗ ወድቃለች። ከጆሮዋ በላይ ያለው ቁስል ከአልጋው ጠርዝ ጋር ይገጥማል። መስኮቱ ስር አንድ የፕላስቲክ ወንበር ተገልብጧል። ከበላዩ የብርድ ልብሱ ጫፍ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል።

«ግልጽ ነው፤» አለ ሳጅን ሮሪሳ። «ብርድ ልብሱን ልትሰቅል ወጣች፣ ወንበሩ ከዳት፣ አልጋው መታት።»

ኡምሀኒ ጎንበስ ብላ ሃሌሉያን አየች። ሮሪሳን ከተራ ጥበቃ አውጥታ ምርመራ ያስተማረችው እሷ ናት። በዚያው ዕለት ጠዋት የምርመራ ክፍሉን እንዲመራ መመረጡ ሲነገር፣ ከሁሉ ቀድማ ብድግ ብላ «እንኳን ደስ ያለህ!» ያለችውም እሷ ናት። ቶሎ ያለችው ማንም ፊቷን እንዳያይባት ነበር። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ደረቷ ላይ አንድ ነገር ይፋጃታል።

«ማዳመጫው የት ነው ያለው?» ስትል ጠየቀችው።

«አንገቷ ላይ።»

«ገመዱስ?»

«ሳውንድ ካርዱ ላይ ተሰክቷል።»

ኡምሀኒ ገመዱን በጓንቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ሳብ አደረገችው። እኩሌታ መንገድ ሳይደርስ ተወጠረ።

«መስኮቱ ጋ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ይሄ ወይ ይነቀል ነበር፣ ወይ ይቺን ቀይ ሣጥን ጎትቶ ይጥላት ነበር። ልጅቷ ከጠረጴዛው አልራቀችም። ሰው ገፍትሯታል፤ ወንበሩን የገለበጠውም ያው ሰው ነው። ደግሞ እሷ ራሷ ናት በሩን የከፈተችለት።»

«አላየሁትም፣ ኢንስፔክተር። ልክ ነዎት፤» አለ ሮሪሳ። ቅሬታ የሚባል ነገር ድምፁ ውስጥ አልነበረም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ሐኪሙ የሞተችው ከጠዋት ወዲህ ነው ከማለት ውጪ ሊያጠበው አልቻለም። ያጠበበው የሃሌሉያ ቴሌግራም ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ለትረካ ቡድኑ አንድ ቀረጻ ተልኳል፤ ከስሩ «አሁን የቀዳሁት ነው፣ ትኩስ!» ይላል። እናትየው የደረሱት ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

«ስለዚህ በነዚህ ሁለት ሰዓቶች መሀል ነው የተገደለችው፤» አለ ሮሪሳ።

«እንግዲህ መልእክቱ እንደዚያ ይላል፤» አለች ኡምሀኒ።

ሉላ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ከሃሌሉያ ጋር ለዓመታት በሁለት ድምፅ ሲተርኩ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ስታለቅስ ጎረቤቱን ሁሉ አስለቀሰች። የእናትየውን እግር አቅፋ ቆየች። ኡምሀኒ ኮሪደሩ ጫፍ ወስዳ ውኃ አጠጣቻት።

«ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የመጣሽው መቼ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነኛል። በስልክ ነው የምንገናኘው። እኔ አቃቂ በሰቃ ነኝ፣ እሷ እዚህ፤ ታክሲው አያገናኝም።»

«ዛሬስ?»

«ጠዋት ቤቴ ነበርኩ። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ሳሪስ፣ የምንተርክለት ድርጅት ቢሮ፣ ስብሰባ ላይ። ቀረጻዋ ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ፊት ነው የከፈትኩት፤ አብረን ሰማነው። ደስ ነው ያለኝ! አዲሱን ትልቅ ሥራ ብቻዋን እንድትሠራ መርጠዋት ነበር፤ እኔ በጣም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።»

ኡምሀኒ ቀና ብላ አየቻት። ደስ ብሎሻል ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። የደስታው ፍጥነት ግን የምታውቀው ፍጥነት ነው፤ ጠዋት በራሷ አፍ የወጣ።

«ምስኪን፤» አለች ሉላ እንባዋን እየጠረገች። «ዝናቡን ሳታስቆም ሞተች።»

«የምን ዝናብ?»

«ቀረጻዋ ላይ ከድምፅዋ ስር ሽሽሽ የሚል አለ። እሷ ነች ‹ዝናቤ› ያለችው። ፕሪአምፕ የሚባል ማጉያ ግዢ ይሏት ነበር። ዛሬ የላከችውም ላይ አለ፣ ሊሰሙት ይችላሉ። ሳትገዛው ቀረች።»

ኡምሀኒ ቀረጻውን በሃሌሉያ ማዳመጫ ሰማችው። የልጅቷ ድምፅ ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል ነው። ከስሩ ግን እውነትም ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ሽሽታ አለ። መሀል ላይ አንድ ውሻ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

ጌዲዮን የሃሌሉያ እጮኛ ነው፤ በየሠርጉ ድምፅ ማጉያ ይተክላል። ጣቢያ ሲቀርብ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ነበር።

«ትናንት ማክሰኞ ማታ ስትጨቃጨቁ ተሰምታችኋል፤» አለችው ኡምሀኒ።

«አዎ። ስለ ፕሪአምፕ ነው።» ለመሳቅ ሞክሮ አቃተው። «ያስቃል አይደል?»

«እኔ ዕቃውን አላውቀውም። አስረዳኝ።»

«የእሷ ማይክ የጎረቤት ጫጫታ ብዙ አይሰበስብም፣ ለኮንዶሚኒየም ጥሩ ነው። ግን የሚሰጠው ድምፅ ደካማ ነው። ደካማውን ድምፅ የሚያጎላው ፕሪአምፕ ይባላል። ሳውንድ ካርዱ ውስጥ የራሱ አለ፣ ግን ርካሽ ነው፤ ጥግ ድረስ ሲከፍቱት ድምፅዋን ሲያጎላ ሽሽታውንም አብሮ ያጎላዋል። ያ ነው ዝናቡ። ድርጅቱ ደጋግሞ ሥራዋን የመለሰው በሱ ነው። ሳሪስ ያለው ሙህሲን ትልቁን ፕሪአምፕ አሳያት፤ መብራት ያለው፣ የሚያምር። እኔ ደግሞ ላንቺ ማይክ ጣት የምታክለው ትበቃሻለች አልኩ። ገመዱ መሀል ትሰካለች፣ ርካሽ ናት፣ ድምፁን ገና ካርዱ ሳይደርስ ታነሳዋለች፤ ያኔ ካርዱን ማስጮህ አያስፈልግም።»

«በመጨረሻ የቱን መረጣችሁ?»

«ትንሿን። ማክሰኞ ገዛን፣ ማታውኑ ሰካሁላት። ስትሞክረው ዝናቡ ጥፍት አለ። ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ሙህሲን ደወለ። ትልቁንም በነፃ ሞክሪው፣ ነገ አመጣልሻለሁ አላት። በነፃ! ደሜ ፈላ። ‹ዕቃውን ነው ወይስ አንቺን የሚሞክረው?› አልኳት። አባረረችኝ። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤት ተኝቼ። ብቻዬን። ያየኝ የለም። ግን ሙህሲንን ጠይቁት፤ ሣጥን ታቅፎ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ታይቷል።»

ሙህሲን ሳሪስ ላይ ስፒከርና ገመድ የሚሸጥ የስልጤ ልጅ ነው። ሱቁ ሲገቡ የኡምሀኒን ሻሽ አይቶ ሰላምታውን «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ጀመረ፤ ሮሪሳ ከኋላዋ ሲገባ ድምፁ አነሰ።

«ሰባት ሰዓት ላይ ሄጃለሁ፤ አልዋሽም። ትልቁን ፕሪአምፕ ይዤ ከታች ደወልኩላት። አላነሳችም። እየቀዳች ነው ብዬ ሳልወጣ ተመለስኩ።»

«ለደንበኛ ሁሉ እንዲህ ዕቃ ተሸክመህ ትሄዳለህ?»

ሙህሲን መደርደሪያውን በመዳፉ ጠረገ። አቧራ አልነበረበትም።

«ለእሷ ብቻ። እጮኛ እንዳላት አውቃለሁ፣ ሃይማኖታችንም ሌላ ነው። ምንም አልነገርኳትም። ትንሿ እንደምትበቃት ልቤ ያውቃል፤ ጌዲዮን ልክ ነበር። ግን የሱ ምርጫ ጠረጴዛዋ ላይ፣ የእኔ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ አንገበገበኝ።»

«ትንሿን መግዛቷን ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ። ‹ለሉላ እንዳትነግራት› ብላኛለች። ሉላ ሁልጊዜ ‹ማንም አይሰማውም፣ ገንዘብሽን አታባክኚ› ስለምትላት ነው። ‹በጠራው ድምፅ ራሴ አስደንቃታለሁ› አለች።»

ከሱቁ ሲወጡ ሮሪሳ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። «እሱ ነው! በሁለቱ ሰዓቶች መሀል እዚያ የነበረው እሱ ብቻ ነው። እንቢ ብላው ነው።»

«ሊሆን ይችላል፤» አለች ኡምሀኒ። እያሰበች ያለችው ግን ስለ ውሻው ነበር። «አንተ የሉላን ስልክ በፈቃዷ ጠይቀህ እይልኝ። ሃሌሉያ ባለፈው ሳምንት የላከችላትን ሁሉ፤ ውሻ የሚጮኽበት ካለ ለይልኝ። እኔ ወደ ቱሉ ዲምቱ ልመለስ።»

በታሸገው ክፍል ውስጥ ብቻዋን የማይኩን ገመድ በእጇ ተከተለችው። ከማይኩ ወርዶ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ በብርድ ልብሱ እጥፋት ስር አልፎ ካርዱ ጋ ይደርሳል። እጥፋቱ ውስጥ ጣት የምታክል ብረት ተሰክታለች፤ በሁለቱም ጫፎቿ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልላለች። ፕላስተሩ አልተነካም። ኡምሀኒ ማይኩን ከፍታ ስሟን ተናገረች፤ መልሳ ሰማችው። ከዚያ የሃሌሉያን የመጨረሻ ቀረጻ ደግማ ከፈተች።

ከቀብሩ ማግስት ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አልጋው ወጥቷል። ወይዘሮ አማረች ጥቁር ለብሰው መሀል ተቀመጡ። ሉላ እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው፣ ጌዲዮንና ሙህሲን ደግሞ ሳይተያዩ በተቃራኒ ግድግዳ ቆሙ። ሮሪሳ በሩ ጋ ነው።

«በመጀመሪያ፤» አለች ኡምሀኒ፣ «የሃሌሉያን የመጨረሻ ቀረጻ እንስማ።»

የልጅቷ ድምፅ ከነዝናቡ ክፍሉን ሞላው። ወይዘሮ አማረች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጌዲዮን ግን ግንባሩን ቋጠረ፤ አፉን ሊከፍት ሲል ኡምሀኒ በእጇ አቆመችው።

«አሁን ሉላ፣ አንቺ የሙያው ሰው ነሽ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚሁ ማይክ አንብቢልኝ። እሷ ከሞተችበት ከሮብ ወዲህ ምንም አልተነካም።»

ሉላ አመነታች። ከዚያ ማይኩ ፊት ስትቀመጥ ትከሻዋ ተስተካከለ፤ በሚያምር፣ በሠለጠነ ድምፅ አነበበች። ኡምሀኒ መልሳ አጫወተችው። ከድምፅዋ ስር ምንም አልነበረም። ፍጹም ጸጥታ ነው።

«ዝናቡስ?» አለች ሉላ። «የት ሄደ?»

ኡምሀኒ የብርድ ልብሱን እጥፋት ገለጠችና ትንሿን ብረት አሳየች።

«ማክሰኞ ማታ ነው የሄደው። ጌዲዮን ይቺን ሲሰካ። ፕላስተሩ የእሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተፈታም። ስለዚህ ሮብ ዕለት በዚህ ክፍል የተቀዳ ማንኛውም ነገር ዝናብ ሊኖረው አይችልም። ‹አሁን የቀዳሁት ነው› የተባለው ቀረጻ ግን ዝናብ አለው። ማክሰኞ ከመምሸቱ በፊት የተቀዳ ነው ማለት ነው።»

«እኔም ልል የነበረው እሱን ነው!» አለ ጌዲዮን።

«አዎ። አንተና ሙህሲን ስትሰሙት ወዲያው ይገባችኋል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ገድላችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ቀረጻ ለማታለያ አትመርጡትም። የመረጠው ሰው ብረቷ መሰካቷን አያውቅም። ሉላ፣ አንቺ ደግሞ ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ‹ሳትገዛው ቀረች› ብለሽኛል።»

«አለማወቅ ወንጀል ነው?» አለች ሉላ ከማይኩ ፊት ብድግ ብላ።

«አይደለም። ሮሪሳ፣ ያገኘኸውን ንገራቸው።»

ሮሪሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሃሌሉያ ባለፈው ሳምንት ለሉላ ቀረጻ ልካላታለች፤ ‹ዝናቡ ይሰማል?› ብላ። ያው ቀረጻ ነው። ውሻው እንኳን እዚያው ቃል ላይ፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚጮኸው። ለሌላ ለማንም አልላከችውም። የሉላ መልስ ‹ማንም አይሰማውም› ይላል።»

«መልእክቱ ሲገባ እኮ እኔ ሳሪስ ነበርኩ! ሰው ፊት!»

«ያ ነው ያሳሰበኝ፤» አለች ኡምሀኒ። «መልእክቱ የጠቀመው ማንን ነው? ጌዲዮን ያየው ሰው የለም። ሙህሲንን እንዲያውም ገደል ነው የሚከተው። በስድስት ሰዓት ሃሌሉያ በሕይወት መኖሯ የሚያድነው አንቺን ብቻ ነው። ቴሌግራም ደግሞ ዛሬ የጻፉትን ቆይቶ ይልካል። የእህቴ ልጅ የዒድ ሰላምታዋን እሷ ተኝታ ሳለ ነው የምትልከው። ጠዋት መጣሽ፣ ጓደኛሽ ናትና ከፈተችልሽ። ተጣላችሁ፣ ገፈተርሻት። ወንበሩን ገለበጥሽ፣ ብርድ ልብሱን ነቀልሽ። በተከፈተው ላፕቶፕ ከሁለታችሁ ጭውውት ውስጥ የድሮውን ቀረጻ አውጥተሽ ስድስት ሰዓት ላይ ሂድ አልሽው። ከዚያ ሳሪስ ሄደሽ ስልክሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ጠበቅሽ።»

ሉላ ማይኩን ገፋ አደረገችው። ስትናገር ያ የሠለጠነ ድምፅ አልነበረም።

«ማይክ ፊት እንዴት እንደሚተነፈስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔ! ድርጅቱ ጋ እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲያስመልስባት... አዎ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ቢያንስ በሱ እበልጣታለሁ እል ነበር። ሮብ ጠዋት ስገባ አቀፈችኝ። ‹ብቻዬን መረጡኝ፣ ግን አይዞሽ፣ ላንቺም አናግርልሻለሁ› አለችኝ። ታናግርልኛለች! እጇን ከላዬ ላይ ላነሳው ነው የገፋኋት። ያን ያህል አልመሰለኝም።»

ኡምሀኒ ወደ በሩ ማየት አልቻለችም። ሮሪሳ እዚያ ቆሟል።

ወይዘሮ አማረች ቀስ ብለው ዞሩ።

«ሉላ።»

«እማዬ...»

«ስትወጪ ልጄ ትተነፍስ ነበር?»

ጌዲዮን አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሙህሲን ክንዱን ያዘው። ሉላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ማይኩ ክፍት ነበር፤» አለች ከእጆቿ ውስጥ። «አንገቷ ላይ ካለው ማዳመጫ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። መልእክቱን ስጽፍ... እስክጨርስ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ጥርት ብሎ።»

ወይዘሮ አማረች ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ጌዲዮን ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ ሙህሲንም ከሌላው ወገን መጣ፤ ሁለቱም ያዟቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆመው፣ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ግድግዳው ማዶ እኮ ጎረቤት ነው። ከላይም ከታችም ሰው ነው። አንዴ ብትጮኺ ኖሮ ሁሉም ይመጣ ነበር።»